በቃለ ጉባኤው የጻፍኩት ቃል

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ሙሉውን ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ግማሹን ነግሬያቸዋለሁ፤ ግማሽ እውነት ግን ከውሸት የባሰ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ አሁን ለእናንተ፣ ለማላውቃችሁ፣ ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ። መናገር አልችልበትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሲበዛ ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ይቀራል። መጻፍ ግን እችላለሁ። ጥፋቴንም የሠራሁት በመጻፍ ነው።

ጥፋቴ አንድ ቃል ነው። ሦስት ፊደል። ባሌን በሦስት ፊደል በደልኩት፤ እየሰማሁ፣ እያወቅሁ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሰው ሁሉ በሚያደንቀው የእጅ ጽሑፌ።

ከአስፋው ጋር የተጋባነው እኔ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ ነው። እሱ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ካርታ ሳያይ የአገሪቱን ወንዞች በሙሉ ሰሌዳ ላይ የሚስል። ቤታችን ከአዲሱ ገበያ ወደ ቀጨኔ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። አብረን ስንወርድ እሱ ስለሚፈጥን እኔ ከኋላው እሮጥ ነበር። መጠጥ አይጠጣም። አባቱ ጠጪ ስለነበሩ በበዓል ቀን ጠላ እንኳ አይቀምስም። በሠርጋችን ዕለት ሚዜዎቹ «ለሙሽራው ብርዝ አምጡለት፣ ገና ልጅ ነው!» እያሉ ሲስቁበት ነው የዋሉት። ይህን ያዙልኝ። የማላውቀው ነገር አልነበረም ለማለት ነው።

በተጋባን በመንፈቁ አንድ ዓይኑ ጨለመ፤ ከወር በኋላ መልሶ በራ። ቀጥሎ ግራ እግሩ መሬት መጎተት ጀመረ። የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ያመልጣል። ሲደክመው ምላሱ ይከብድና ቃላቱ ይጣበቃሉ። ብዙ ቦታ ከተመላለስን በኋላ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ዘንድ ደረስን። ሐኪሙ በሽታው ነርቭን የሚሸፍነውን ነገር እንደሚልጠው፣ ልክ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደሚያደርገው፣ ሄድ መለስ እንደሚል፣ ሙቀት እንደሚያባብሰው፣ መድኃኒት እንደሌለው ነገረን። ስሙን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈልን። አስፋው የምትተረጉምልንን ነርስ «በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቃት። «በአማርኛ ስም የለውም፣ ጋሼ» አለችው።

ወረቀቱን ቤት ወስጄ መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ደበቅሁት። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ በሽታው ሁለት ገጽ አነበብኩ። ሦስተኛውን ገጽ ሳልገልጥ መጽሐፉን ዘጋሁት።

አዘንኩ ብዬ ብቀጥል ይቀለኝ ነበር። ያዘንኩት በኋላ ነው። መጀመሪያ የተናደድኩት ነው። እግሩ ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ያናድደኝ ነበር። ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ መተኛቱ ያናድደኝ ነበር፤ ድካሙ የበሽታው መሆኑን ከዚያ መጽሐፍ አንብቤ እንኳ፣ ስንፍና ነው እያልኩ ድስቱን አንኳኳ ነበር። ብርጭቆ ሰብሮ ሲስቅ ያናድደኝ ነበር። ግን በማን ልናደድ? ጥፋተኛ የለም። ሐኪሙ አላጠፋም፣ አስፋው አላጠፋም፣ እግዚአብሔርን ደግሞ እፈራዋለሁ። ጥፋተኛ የሌለበት ቤት ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? እኔ ቀን ከሌት ጥፋተኛ ስፈልግ ነበር።

ከዚያ የላብ አደሮች ቀን መጣ።

ቀበሌያችን በሰልፉ ላይ ቀዩን ባንዲራ እንዲይዝ አስፋውን መረጠው፤ ረጅም ስለነበረ። ጠዋት ሸሚዙን እየተኮስኩ «አሞኛል በላቸው» አልኩት።

«ምን አመመህ ሲሉኝስ?» አለ። «ስሙን በአማርኛ ንገሪኝና ልንገራቸው።»

ሸሚዙን አቀበልኩት። ሄደ። ፀሐዩ የሚፋጅ ነበር፤ የሰልፉም መንገድ ዳገት ነው። አደባባዩ አጠገብ ስንደርስ፣ እኔ ከሴቶቹ ሰልፍ ውስጥ ሆኜ እያየሁት፣ ግራ እጁ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ባንዲራው አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ሊያነሳው ሲያጎነብስ እሱም ተንገዳገደ። ከኋላዬ አንዲት ሴት በጆሮዬ «ውይ!» ስትል ሰማኋት፤ ሳቅ አልነበረበትም፣ ፍርሃት እንጂ።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ተምራለች፣ ጽሕፈቷም ያምራል ብለው መርጠውኝ ነው። ሥራውን እወደው ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲናገር ጸሐፊ አይናገርም። ሊቀመንበሩ ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ቀልድ የሚወድ፣ ለክፋትም ለደግነትም የማይቸኩል ሰው ነበር። የባንዲራው ጉዳይ ተራ ሲደርስ ብድግ አለ።

«ጓድ አስፋው፣ ባንዲራው ከእጅህ የወደቀው በምን ምክንያት ነው? ለጉባኤው አስረዳ።»

አስፋው አግዳሚውን ይዞ ተነሳ። «ታምሜ ነው» አለ።

«ምን ታመህ?»

ደክሞት ነበር፤ ምላሱ ተሳስሯል። «መልቲፕል... ስክለ... ስክለሮሲስ።»

«ስካ... ምን?»

«ስካር ነው የሚለው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሱማ በፈረንጅኛ ነው የሰከረው!» አለች ሌላዋ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሰልፉ ቀን ጀምሮ የፈሩት ነገር የቀለለላቸው ይመስል ነበር የሚስቁት። ሊቀመንበሩ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ ጸሐፊ፣ ሚስቱ አይደለሽ? የተማርሽም ነሽ። ምንድን ነው ያለው? በአማርኛ ጻፊው።»

ሳቁ ቆመ። አስፋው አየኝ። ያን አስተያየቱን ልረሳው አልቻልኩም፤ ፈገግ ብሎ ነበር። እፎይ ብሎ ነበር። ቃሉን ፊደል በፊደል እንደማውቀው ያውቃል። ለእሱ ነገሩ አልቆለታል፤ ሚስቱ ተጠየቀች።

አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ። «ጓድ አስፋው ባንዲራውን የጣሉት በስካር ምክንያት መሆኑን አምነዋል።»

«አንብቢው» አለ ሊቀመንበሩ።

አነበብኩት። ሰው ፊት ወጥቶ የማያውቀው ድምፄ በዚያ ቀን ጥርት ብሎ ወጣ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እኔ ነኝ ያነበብኩት። ማንም አላስገደደኝም።

በሚቀጥለው እሑድ አስፋው ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠራ። አግዳሚውን ይዞ ቆመ። «ጠጥቼ ነበር» አለ። «ጥፋቴን አምናለሁ። አርማለሁ።» ሊያዋርደኝ ቢፈልግ ኖሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር፤ ሚስቴ ዋሽታለች ማለት ብቻ። አላለም። እሱንም ጻፍኩት። ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ከኋላ ከኋላ እሄዳለሁ፤ አሁን ግን ስለፈጠነ አልነበረም፣ ከጎኑ መሄድ ስላፈርኩ ነው። በራችን ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስቶብኝ አያውቅም።

አስፋው እንደማይጠጣ የሚያውቁ አንዳንድ ሰዎች ኋላ ላይ ማምለጫ አቅርበውልኛል። በዚያ ጊዜ ባንዲራ መጣል ፀረ አብዮት ሊያሰኝ ይችል እንደነበር፣ ስካር የሚለው ቃል እንዳዳነው ይነግሩኛል። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። እኔ ግን ይህን ማምለጫ አልወስድም፤ የእኔ አይደለም። እስክሪብቶዬን ሳነሳ ፀረ አብዮት የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አላለፈም። ያለፈውን ልንገራችሁ? «በመጨረሻ!» የሚል ነገር ነው ያለፈው። በመጨረሻ ጥፋተኛ ተገኘ። ሰካራም ሰው ይወቀሳል። ሰካራም ሰው በሽማግሌ ይመከራል፣ ይምላል፣ ይተዋል። የሰከረ ሰው ነገ ጠዋት ይነቃል። እኔ ለአንድ እሑድ እንኳ ነገ ጠዋት የሚነቃ ባል ፈለግሁ። ለዚያ ስል የታመመውን ባሌን ሸጥኩት።

ቃሉ ከአዳራሹ ወጥቶ ሄደ። የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ለትምህርት ቤቱ ተላከ፤ አስፋውን ከክፍል አውጥተው መጻሕፍት ማከማቻ አስገቡት። ወንዞቹን የሚስልበት ሰሌዳ አጣ። ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ደግሞ በጨርቅ የተቋጠረ ቅጠል ይዛልኝ መጣች። «ሳያውቅ ሻዩ ውስጥ ጨምሪለት። የእኔንም ሰውዬ ያስተወልኝ ይኸው ነው። ሁለት ቀን ያስታውከዋል፣ ከዚያ ጠርሙስ ሲያይ ይሸሻል!» አለችኝ። ምን ያልኳት ይመስላችኋል? «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኳት። ቅጠሉን ጣልኩት፤ ቃሉን ግን አልጣልኩትም።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ የበጋ ቀን ለምሳ ከመሥሪያ ቤት ስመለስ እትዬ በለጡ በሯ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«አንቺ፣ ባልሽ ድልድዩ ጋ ተጋድሟል» አለችኝ፣ ከትሪው ቀና ሳትል። «ዛሬስ በጠዋቱ ነው የጀመረው!»

ሮጥኩ። አስፋው ድልድዩ አጠገብ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ወድቋል። አንድ ጫማው ወልቋል፤ ሰው እንዳይረግጠው ብሎ ይሁን እንጃ፣ አንዱ አላፊ ጫማውን አንስቶ አጥሩ ላይ አስቀምጦታል። ለጫማው አዝኖለት ነበር። ለሰውየው አላዘነለትም። አጠገቡ አንዲት ሸክላ ሠሪ ተቀምጣለች፤ እንስራዎቿን መሬት ላይ ደርድራ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ፊቱን ከፀሐይ ከልላለታለች። በሰፈራችን ሰዎች ይህችን ሴት በዓይኗ ትበላናለች ብለው ይሸሿት ነበር። ልጆቻቸውን ከመንገዷ ይጎትቱ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ያንቺ ሰው ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ከረፋድ ጀምሮ ነው የወደቀው አሉ። ሁሉም ሰክሯል፣ ሰክሯል ይላል። እኔ አፉን አሸተትኩት። አይሸትም። ይኼ የታመመ ሰው ነው።»

አሸተትኩት አለች። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ጉዳዩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በአንድ ትንፋሽ ያወቀችውን እኔ ከነመዝገበ ቃላቴ፣ ከነዲግሪዬ፣ ከነቁራጭ ወረቀቱ ዋሸሁት። አስፋውን ሁለታችን ደግፈን ወደ ቤት አወጣነው። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወደ እንስራዎቿ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን በኋላ አስፋው ያለ ምርኩዝ ተራምዶ አያውቅም። ፀሐዩ ነው ያደረገው አልልም፤ በሽታው በራሱ ጊዜ እዚያ ይደርስ እንደነበር ሐኪሞች ነግረውኛል። የማውቀው ይህን ነው፤ ከረፋድ እስከ ቀትር በባሌ ላይ ሰው ሁሉ ተራምዶ ያለፈው እኔ በጻፍኩት ቃል ነው። ታመመ ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ የቀጨኔ ሰው ትቶት አያልፍም ነበር። እኔ ሰፈሬን አውቀዋለሁ። ለታመመ ሰው ወሳንሳ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰፈር ነው።

በተከታዩ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ ስህተት አለ» አልኩ። «አስፋው አይጠጣም። ታሞ ነው።»

ሊቀመንበሩ በሐዘኔታ አየኝ። «እህቴ፣ ራሱ አምኖ የለም እንዴ? ግለ ሂሱን የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ?»

ያኔ እትዬ በለጡ ከመሀል ብድግ አለች። «እሰይ፣ የኔ እመቤት! ባል ማለት እንዲህ ነው የሚሸፈነው!»

ሰዉ አጨበጨበልኝ። አዎ፣ አጨበጨበልኝ። እኔም ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ስህተት አልኩ እንጂ ውሸት አላልኩም። ሰማሁ፣ ቃሉን አውቀው ነበር፣ ሆን ብዬ ጻፍኩ አላልኩም። ጸሐፊነቱን ተውኩ፤ አዲስ ስም ግን ተከተለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ሳልፍ «ጻድቅ» ይሉኛል። ሰካራም ባሏን ታጥባለች፣ ትመግባለች፣ ምስኪን፣ ጻድቅ።

ንስሐ አባቴ ዘንድ የሄድኩት ይህ ስም ስላቃጠለኝ ነው። በአስፋው ላይ እንደምጮህ፣ አንድ ቀን ምግቡን አልውጥ ሲለኝ ሳህኑን ግድግዳ ላይ እንደወረወርኩ ነገርኳቸው። ስለ እሱም በቀበሌ አንድ የተሳሳተ ቃል እንደተጻፈ ነገርኳቸው። ማን እንደጻፈው አልነገርኳቸውም።

«ልጄ፣ ቁጣሽ ነው ኃጢአቱ» አሉኝ። «የቃሉ ነገር ያለፈ ነው፤ አንቺ ምን ታደርጊ?»

ለቁጣዬ አርባ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ዛሬ ግን ያንን ስግደት መልሼ እወስደዋለሁ፤ አባቴም ይቅር ይበሉኝ። ለቁጣዬ ንስሐ አልገባም። ሰባት ዓመት ሙሉ አንሶላ ቀይሬያለሁ፣ አዝዬ መጸዳጃ ቤት አድርሻለሁ፣ ምላሱ ሲተሳሰር ቃሉን ጠብቄያለሁ። ተናድጃለሁ። ነገም እናደዳለሁ። የምወደው ሰው ከእግሩ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ሲወሰድ ቆሜ እያየሁ እንዴት አልናደድም? ሚስት አትቆጣም የምትሉ ካላችሁ ቤቴ ኑና አንድ ሳምንት ተቀመጡ። ያኔ ፍረዱብኝ። ቁጣዬን ከቤቴ ውጭ አውጥቼ በመዝገብ ላይ ማስፈሬ ግን፣ የራሴን ሕመም ለማቅለል የእሱን ስም መውሰዴ ግን፣ እሱ ኃጢአት ነው። እሱን ማንም ትንሽ ነው አይበለኝ። ወጣት ነበርሽ አትበሉኝ። ዓይን አፋር ነሽ፣ ደንግጠሽ ነው አትበሉኝ። አልደነገጥኩም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ለአስፋው አነበብኩለት። መስኮቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ ነበር። አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም። ስጨርስ፣ በዚያ በተሳሰረ ምላሱ፣

«አንድ ነገር ይቆጨኛል» አለ።

«ምን?»

«ያኔ ትንሽ እንኳ ቀምሼ ቢሆን ኖሮ። በከንቱ ነው ስሙን የተሸከምኩት።»

ሳቅን። ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። «ይቅር በለኝ» አልኩት። እጄን አልያዘኝም፤ እጁንም አልነሳኝም።

«መጀመሪያ ቃሉን ጻፊው» አለኝ። «ያን ቀን የተጠየቅሽው እሱን ነበር።»

ስለዚህ እጽፈዋለሁ። በአማርኛ ስም የለውም ተብለን ነበር፤ ፊደል ግን አለን። «ጓድ አስፋው ባንዲራውን የጣሉት መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባል የነርቭ በሽታ ምክንያት ነው። መጠጥ ቀምሰው አያውቁም። ይህን እያወቀች፣ ሆን ብላ፣ ስካር ብላ የጻፈችው ሚስታቸው ናት።»

አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ልኬያለሁ። ለእትዬ በለጡ ማንበብ ስለማትችል ራሴ አነብላታለሁ። አስፋው ይቅር ይበለኝ አይበለኝ ገና አልመለሰልኝም፤ አልቸኩለውም።

ነገ እሑድ ነው፤ ስብሰባ አለ። ቆሜ ሙሉውን አነበዋለሁ። ስጨርስ የሚያጨበጭብልኝ ሰው ካለ አልሰማኝም ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ።